የወንበር ሰፊዋ ፑንቴሪያዎች

ወንበር ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። የሞተር ሳይክል መቀመጫው የተቀደደበት፣ ስፖንጁ የሰመጠበት፣ ዝናብ ገብቶ ሱሪውን የሚያርስበት ሁሉ መጨረሻው እሷ በር ላይ ነው። ሥራዋ አይታማም። ምላሷ ግን ይታማል፤ "ይኼን ወንበር ተቀምጠህበት ነው ወይስ ስትበላው ከርመህ ነው?" ብላ ያልተቀበለችው ደንበኛ የለም። ሰው እየሳቀ ይመጣል፣ እየሳቀ ይሄዳል። በሩ ሲዘጋ ምን እንደምትሆን ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ መጠየቅ አመሌ ነውና ጠይቄ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ግቢዋ ጠባብ ነው። በቆርቆሮው በር እንደገባችሁ በስተቀኝ የሥራ ክፍሉ አለ፤ ከጓሮ በኩል ሁለቱ መኖሪያ ክፍሎች፣ ከነሱ ጎን ወጥ ቤቱ። የሥራ ክፍሉ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የከፈለው ግን ልማድ እንጂ ግድግዳ አይደለም። በመስኮቱ በኩል የሷ ስፌት መኪና፣ የቆዳና የፕላስቲክ ጥቅሎች፣ ስፖንጅ የምትቆርጥበት ረጅም ቢላዋ። በወዲያኛው በኩል የባሏ ጠረጴዛና ብረት የሚጨብጥበት ሞርሳ፣ ከበላዩ በቁመታቸው የተሰቀሉ መፍቻዎች። ባሏ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ እዚያች ክፍል ውስጥ ጀርባና ጀርባ ሰጥተው ሠርተዋል። እሱ "ያዢልኝ" ሲላት ትይዛለች፣ እሷ "ሳብልኝ" ስትለው ይስባል። እንዲህ እንዲህ እያለች ሞተር መፍታትና መግጠም ለመደች። እሱም፣ ለጓደኞቹ ባይናገረውም፣ የወንበር ጠርዝ አሳምሮ ይዘጋ ነበር።

በሞቱ ዋዜማ ሲሠራ የዋለው የራሱን ሞተር ሳይክል ነው። ሁለት ሲሊንደር ያላት፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ከሱ ጋር ያረጀች ናት። ከሆዷ የሚመታ ነገር ስለነበራት "ሳይብስ ልያት" ብሎ ፈታት። የሞተሩን ክዳን ቴስታታውን አነሳ፣ እብጠት እብጠት ያለውን ዘንግ ካምሻፍቱን አወጣ፣ ፑንቴሪያዎቹን አንድ በአንድ መዘዛቸው። ፑንቴሪያ፣ ለማያውቅ ልንገር፣ አውራ ጣት የምታህል ብረት ናት። ካሙ፣ ያ እብጠት፣ ሲዞር ከታች ይገፋታል፣ እሷ ደግሞ ከላይዋ ያለውን ዘንግ ትገፋለች፣ ቫልቩ ይከፈታል። ዕድሜዋን በሙሉ ስትገፋና ስትገፈተር የምትኖር ፍጥረት ናት ማለት ነው። የሱ ሞተር አራት ነበሩት። አራቱንም በእንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ በየወንበራቸው ደረደራቸው፤ የፊተኛዋ ከፊት፣ የኋለኛዋ ከኋላ።

መካኒክ እንዲህ የሚደረድረው ለአይን እንዲያምር አይደለም። ካምሻፍቱ ላይ ለእያንዳንዷ ፑንቴሪያ የራሷ እብጠት አላት። ሁለቱ ለዓመታት ሲፋተጉ እየተባሉ ይለማመዳሉ፤ አንዱ የጎደለበት ላይ ሌላው ገባ ይላል። ቦታ ተቀያይረው ከገቡ ግን ጠቡ እንደ አዲስ ይጀመራል፣ የሚበላውም ካምሻፍቱ ነው። ስለዚህ ተራቸው አይነካም። ይኼን ሕግ ወንበር ሰፊዋ እንደ ስሟ ታውቃለች።

"ነገ እገጥማታለሁ" ብሎ እጁን ታጠበ። በማግስቱ ጠዋት አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል፤ ነፍስ ይማር ከማለት በቀር።

ለለቅሶ ግቢው ጠቦ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሄድ እህቷ ቀረች። እህቷ እጇ ሥራ ካልያዘ የምትታመም ሴት ናት። መጋረጃውን አጠበች፣ ድስቱን ፈተገች፣ ከአልጋ ሥር ያልታወቀ ጫማ ሳይቀር አውጥታ ወለወለች። ወንበር ሰፊዋ ተኝታ ስታለቅስ እህቷ በጎን እየጠረገች ታለቅሳለች። በመጨረሻ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች። ጠረጴዛው ላይ፣ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ፣ ጥቁር ዘይት የለበሱ አራት ብረቶች አየች።  ቤንዚን ውስጥ ነክራ በብሩሽ ፈተገቻቸው፣ በጨርቅ አደረቀቻቸው፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ላይ ከተተቻቸው። ካርቶኑ ዘይት ጠጥቶ ስለነበር ጣለችው።

"ቢያንስ ስታያቸው ደስ ይበልሽ ብዬ ነው" አለቻት፣ ቆርቆሮውን ከፍታ እያሳየቻት።

ወንበር ሰፊዋ አየች። አራት የሚያብለጨልጩ ብረቶች ቆርቆሮው ውስጥ ይንከባለላሉ። የባሏ እጅ የመጨረሻ ሥራ ያ ድርድር ነበር። ምን ትበል? ክፉ ለሠራ ሰው የሚባል ነገር ሞልቷል፤ ደግ ሊሠራ ብሎ ላጠፋ ሰው ግን ቃል የለም። "ተባረኪ" አለቻት። እህቷም ደስ ብሏት ወደ ልጆቿ ሄደች። ወንበር ሰፊዋ ያን ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ ከቀብሩ ቀን ይብስ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።

ከዚያ ወራት አለፉ። ሐዘን ለሰው የሚታይበት ጊዜ አለው፤ ጥቁሩ ሲወልቅ ሰው "ተጽናናች" ይልና ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። እሷም ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ብቻዋን ትበላለች፣ ያውም ቆማ፣ ከድስቱ። ጠረጴዛ ማቅረብ ለአንድ ሰው ምን ያደርጋል ትላለች። "ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል" የሚለው ተረት ትዝ ሲላት ደግሞ "ሁለት ሆነን ስንበላም እሱ ብቻውን ነው የሞተው" ብላ ተረቱን ትሰድበዋለች።

ሁሉንም ቻለችው፤ አንድ ነገር ግን አስፈራት። የሞተሩ ድምፅ ከጆሮዋ መጥፋት ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልየው ሁልጊዜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከውጭ ይመለስ ነበር፤ ወይ የተበላሸ ሞተር ሊያይ ሄዶ ነው፣ ወይ ዕቃ ሊገዛ። እሷ ወጥ ቤት ሆና ገና ከዳቦ ቤቱ ማዕዘን ሲታጠፍ ትሰማዋለች። ዱብ ዱብ ዱብ፣ በመሀሉ ጠቅ። ያቺ ጠቅታ ከተበላች ፑንቴሪያ የምትመጣ ናት፤ በከተማው ካለ ሞተር ሁሉ የሱን ትለይበታለች። "መካኒክ ነኝ ትላለህ፣ የራስህ ሞተር ግን ጥርሱን ያፋጫል" ትለዋለች። "አመጣጤን እንድታውቂ ነው" ይላል። ሞተር ሳይክሉን ሊፈታ የተነሳ ቀን ስንት ዓመት አስተካክለው እያለች የጨቀጨቀችው እሷ ራሷ "ተወው፣ ምን አስቸኮለህ" ብላዋለች።

መልኩ አይጠፋባትም፤ ስልኳ ውስጥ ፎቶው ሞልቷል። የሞተር ድምፅ ቀድቶ የሚያስቀምጥ ሰው ግን የት አለ? መጀመሪያ ሰሞን በመንገዱ ላይ ሞተር ባለፈ ቁጥር አንገቷ ይዞር ነበር። ቆይቶ መዞሩን ተወ። አንድ ቀን ስትሰፋ ያቺን ድምፅ በአፏ ለማስመሰል ሞከረች፤ ጠቅታዋ ከሁለተኛው ዱብ በኋላ ትምጣ ከሦስተኛው፣ ጠፋባት። ስፌቱን አቁማ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠች። አንዴ ልስማው አለች። ከማዕዘኑ ሲታጠፍ ጀምሮ በሩ ድረስ፣ አንዴ ብቻ።

ደግሞም ሞተር ሳይክሉ ለሥራዋ ያስፈልጋታል። መንዳት እሱ አስተምሯታል። አሁን ያለቀላቸውን ወንበሮች በተዋሰችው ጋሪ እየገፋች ነው የምታደርሰው። ሞተሩ መነሳት አለበት፤ ለመነሳት ደግሞ ፑንቴሪያ ይፈልጋል። የቱን ፑንቴሪያ የሚለው ነው ጣጣው።

የመለዋወጫ ሻጩ የባሏ የልጅነት ጓደኛ ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሚሊሜትር ነው የሚሉት። የብረት ውፍረት የሚለካበት መለኪያ ከኪሱ አይጠፋም፤ ዳቦ ሲገዛ ውፍረቱን ይለካል እያሉ ያሙታል። ሚስትም ሳይለካ ስለማያገባ ነው ቆሞ የቀረው ይላሉ። ከሱቁ በስተኋላ ባለች ክፍል ብቻውን ይኖራል። ከቀብሩ ወዲህ እሷ ቤት አልመጣም ነበር። ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው አለ፤ መናገርም አይችልም፣ ስለዚህ ይቀራል፣ ከቀረ በኋላ ደግሞ የመቅረቱ እፍረት ይጨመርበታል። ስትገባ ባየ ጊዜ ያልተበላሸ መሳቢያ ማስተካከል ጀመረ።

"ፑንቴሪያ ፈልጌ ነበር" አለችው። "የሱን።"

የማንን ብሎ አልጠየቀም። ከመደርደሪያው ሦስት ዓይነት አውርዶ ጨርቅ ላይ አስቀመጠላት።

"ይኼ የፋብሪካው ነው፣ ከነዘይት ወረቀቱ። ይኼኛው አስመስለው የሠሩት፤ መልኩ ያምራል፣ ውስጡ ግን ብስኩት ነው፣ ለጠላትሽም አትግዢለት። ይኼ ደግሞ አሮጌ ነው፣ ፊቱ እንደገና ተስሏል።" ከፋብሪካው ሁለት አነሳና ፊት ለፊት አጋጥሞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናቸው። "እዪ፣ ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ መሀሉ ፀጉር ታህል ከፍ ይላል። እንድትዞር ነው። ፑንቴሪያ እየዞረች ስትገፋ ነው የምትኖረው፤ ቀጥ ብላ ከቆመች ራሷንም ካሙንም ትበላለች።"

"እነዚህስ?" አለች፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከቦርሳዋ አውጥታ።

አንዷን አንስቶ ማስመሪያ ጠርዝ አጋደመባት። ብርሃን በመሀሏ አለፈ። "ጎድጉደዋል። ግን እነሱ እንኳ በየካማቸው ቢመለሱ ትንሽ ይገፉ ነበር። ተራቸውን ይዘሻል?"

"ታጥበዋል።"

ሚሊሜትር ቀና አለ። "ማነው ያጠባቸው?"

"እህቴ።"

"እጇን ይ..." ሊራገም ነበር፤ ዋጠውና "ይባርከው" ብሎ ጨረሰ። "ተቀላቅለው ከገቡ ካምሻፍቱን ይግጡታል። አንድ ሐሙስ ነው የሚቀረው። የፋብሪካውን ውሰጂ፣ ካሙ ገና ደህና ነው፣ ይቀበላቸዋል።"

"ድምፃቸው እንዴት ነው?"

"የምን ድምፅ?"

"የአዲሶቹ።"

"ድምፅ ምን ያደርግላቸዋል? ክፍተቱን በልኩ ስጫቸው፣ ድመት ናቸው። መኖራቸውንም አትሰሚም።" ደስ እንዲላት ብሎ ነው የነገራት። እሷ ግን ፊቷ ጨለመ።

አዲሶቹን ጠቅልሎ ሰጣት። ቆርቆሮውንም አንስታ ስትከት አየና "እሱን እዚሁ ተይው፣ ለብረት ሰብሳቢ እሰጠዋለሁ" አላት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ አለ ሚሊሜትር በሆዱ፤ ቀልዱ ግን እሱንም አላሳቀው።

አዲሶቹንና አሮጌዎቹን በባሏ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በአንድ በኩል ደህና ሞተር አለ፤ ጸጥ ያለ፣ ወንበር ጭኖ የሚሮጥ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። በሌላ በኩል ያ ድምፅ አለ፤ ከነተበላው። ሰሞኑን ደንበኞች እየመጡ "አልደረሰም" ተባሉ። ምላሷ እንኳ ዶለዶመ። አንዱ ደንበኛ፣ ስትሰድበው የኖረችው ሰው፣ ሳትሰድበው በመቅረቷ ተጨንቆ "ደህና ነሽ ግን?" ብሎ ጠይቋታል። "ደህና ነኝ፣ ወንበርህ ነው ያመመው" አለችው፤ እሱም ተመስገን ብሎ ሄደ።

በመጨረሻ ቆረጠች። አሮጌዎቹ ይገባሉ፣ አንዴ ትሰማዋለች፣ ከዚያ ተፈትቶ አዲሶቹ ይገባሉ። እኔን ብትጠይቁኝ እብደት ነው። ሞተር መፍታትና መግጠም ሸሚዝ እንደ መቀየር አይደለም፤ የጤነኛ ሰው ቀን ይፈጃል፣ ወገብ ይቆርጣል። ግን እኔን የጠየቀኝ የለም።

ተራቸውን መፈለግ ጀመረች። አንደኛዋ ቀላል ናት፤ ጠርዟ ላይ ጥፍር የምታህል ስብርባሪ ጎድሏታል። ካምሻፍቱ ላይ ከኋለኛው እብጠት አጠገብ የተጫረ መስመር አለ፤ ስብራቷ እዚያ ላይ ገጠመ። ጠቅታዋ ማን እንደሆነች በዚህ ታወቀች። ለሦስቱ ግን መርፌ ስትሰካ የምትጠቀምበትን አጉሊ መነጽር አወጣች። ወንበር ላይ መስመር የምታሰምርበትን ሰማያዊ ቀለም የፑንቴሪያዋን ፊት በስሱ ቀባች፣ በቀዳዳው ከተተች፣ ካምሻፍቱን በእጇ አዞረች፣ መዛ አየች። ቀለሙ በአንድ ጥግ ብቻ ከተፋቀ ያቺ ካም ባዕድ ናት። ክብ ሆኖ እኩል ከተፋቀ ግን ቤቷ ነው። እንዲህ እያለች እሑድን ሙሉ ዋለች። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ልጆች ይጮኻሉ፣ ሰው ሰው ቤት ይሄዳል፣ እሷ ታዞራለች፣ ትመዛለች፣ ታያለች። ስንት ጊዜ ተሳስታ ስንት ጊዜ እንደጀመረች እሷም አታውቀውም። ሲመሽ አራቱም ቤታቸውን አግኝተው ነበር።

በበነጋታው ገጥማ ጨረሰችና መርገጫውን ረገጠች። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ርግጫ ተነሳ። ዱብ ዱብ ዱብ፣ ጠቅ። ጠቅታዋ ከሦስተኛው ዱብ በኋላ ነበር።

አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። ያ የጠበቀችው ነገር አልመጣም። ድምፁ እሱ ነው፣ ልቅም ያለ እሱ ነው፤ ግን እፊቷ የቆመ ሞተር ነው፣ ቤንዚን ይሸታል፣ ስትሠራው የዋለችው ነው። ከወጥ ቤት ልስማው ብላ ሮጣ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይመታል። አይቀርብም፣ አይርቅም። ወጣችና ተቀመጠችበት፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ነዳችው፣ ዞራ ተመለሰች። እላዩ ላይ ሆና የሰማችው ነፋስ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ፣ ስትወጣ እንደዘጋችው ዝግ ነበር፤ ማን ይክፈትላት። ወርዳ ከፈተች፣ ገፍታ አስገባች፣ ተመልሳ ዘጋች። ያኔ ገባት። ስትሰማው የኖረችው የሞተሩን ድምፅ ብቻ አልነበረም፣ የሰው መምጣት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ አንድ ሰው መንገድ ላይ፣ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ያስፈልጋል። እሷ ያላት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማንን ትጠይቅ? የእህቷ ባል ለዘመድ ሁሉ ያወራባታል። ደንበኞቿ ቀልድ ይመስላቸዋል። ጎረቤቷ "አንቺ ግን ዶክተር ጋ ብትታዪስ" ትላታለች። ለለቅሶ የመጣው ሕዝብ ግቢውን ሞልቶ መንገዱን ዘግቶ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ይኼን የምትለው አንድ ሰው ፈልጋ አጣች። ሰው ሞልቷት ሰው እንደሌላት ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ሚሊሜትር ሱቅ ሄደች። ደንበኛ እስኪወጣ ዕቃ የምታይ መስላ ቆመች።

"አንድ ነገር ላስቸግርህ" አለችው።

"እሺ።"

"ሞተር ሳይክሉን ንዳልኝ።"

"ወዴት ላድርስልሽ?"

"ወደ ቤት። እኔ ቤት። ከማዕዘኑ ወዲያ ወስጄ እሰጥሃለሁ፤ አንተ ትንሽ ቆይተህ ትመጣለህ። እኔ... እኔ ውስጥ እሆናለሁ።"

ሚሊሜትር የመለኪያውን አፍ ከፈተ፣ ዘጋ። "የትኞቹን አስገባሽ?"

"አሮጌዎቹን።"

ስለ ካምሻፍቱ ሊናገር አፉ ተከፍቶ ነበር። አየችው። ከፊቷ ላይ ምን እንዳነበበ እንጃ፣ ካምሻፍቱን ተወው። "እንዴት ነበር የሚነዳው?" አላት።

"ማዕዘኑ ላይ ጋዙን ይለቃል። መንገዱ የሚጎብጥበት ጋ ስትደርስ አትፍጠን፣ እዚያ ይቀዘቅዛል። ከዚያ እንደ መጣ ይመጣል።" የመንገዱን መታጠፊያ በእጇ አሳየችው። "ዝም ብሎ ነው የሚመጣው።"

"ገባኝ" አለ። ጓደኛው ሲነዳ አንድ ሺህ ጊዜ ከኋላው ተቀምጦ ያውቃል፤ አልነገራትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞተር ሳይክሉን አስረክባው ወደ ቤት በእግሯ ተመለሰች። የቆርቆሮውን በር ዘጋች፣ ወጥ ቤት ገባች። እጇን ምን ታድርገው? ሽንኩርት አንስታ መላጥ ጀመረች። አንድ ሞተር አለፈ፤ አይደለም። ሌላ አለፈ፤ አይደለም። ሽንኩርቱን ከመጠን በላይ ላጠችው። ቀረ ማለት ነው፣ አፈረ ማለት ነው፣ አለች።

ከዚያ ከማዕዘኑ ታጠፈ።

ዱብ ዱብ ዱብ፣ ጠቅ። ዱብ ዱብ ዱብ፣ ጠቅ። ጋዙ ተለቀቀ። ጉብታው ጋ ቀዘቀዘ። እንደገና ወፈረ፣ ቀረበ፣ የአጥሩ ቆርቆሮ መንዘር ጀመረ። ይኼን ሁሉ ያዘጋጀችው ራሷ መሆኗን ታውቃለች። ያወቀው ግን ጭንቅላቷ ነው፤ እግሯ አልጠየቀውም። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። መቼ ከወጥ ቤት እንደወጣች፣ መቼ ግቢውን እንዳቋረጠች አታውቅም። መወርወሪያውን ሳበችና በሩን በሁለቱም በኩል ብርግድ አድርጋ ከፈተችው።

ሚሊሜትር ሞተር ሳይክሉ ላይ እንደተቀመጠ አያት።  ይህችን ሴት የሚያውቃት በምላሷ ነው፤ ከሰርጓ ቀን ጀምሮ ስትሸረድደው ኖራለች። ይኼን ፊት ግን አይቶት አያውቅም። ጓደኛው ከሱ ሱቅ "ልሂድ፣ መሸ" ብሎ ሲነሳ፣ አንድ ደቂቃ ቆይ ሲባል እንቢ ሲል፣ ለካ ወደዚህ ፊት ነበር የሚቸኩለው። በዕድሜው እንዲህ ሆኖ በር የከፈተለት ሰው የለም፤ አሁንም ለሱ አልተከፈተም። የሚያደርገው ቢያጣ መነጽሩን አስተካከለ።

"ይቅርታ" አላት። "እኔ ነኝ።"

ፊቷ ቀስ እያለ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሞተሩ አሁንም እየመታ ነው። እጇን ሰደደችና ቁልፉን ራሷ አዞረችው።

"ግባ" አለችው። "ካሙ ሳይበላ አዲሶቹን እንክተት።"